በተጨማሪ መገልገያዎች ሳቢያ የሚደርስ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ብልሽትና የምርመራ ሥርዓቱ፦ የደባርቅ–ዛሪማ መስመር እንደ ማሳያ

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ ዛሪማ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆረጠው በዚህ ቁልቁለት አንድ ተሽከርካሪ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከብርድና ከጉም ተነሥቶ በአንድ ጉዞ ወደ ቆላ ሙቀት ይወርዳል። በመስመሩ የሚመላለሱ ሚኒባሶች፣ የጭነት አይሱዙዎች እንዲሁም ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚያደርሱ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ የተጨመሩ መገልገያዎችን ይዘው ማየት የተለመደ ነው፤ ከእነዚህም ፓውዛ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር፣ ኢንቨርተር፣ ተጨማሪ ጥሩምባ፣ የስርቆት ማንቂያና የጂፒኤስ መከታተያ ይጠቀሳሉ።

መገልገያዎቹ በራሳቸው ጉዳት የላቸውም። ጉዳቱ የሚመነጨው ከአገጣጠማቸው ነው። ብልሽት ሲከሠት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ሌላ ክፍል ነው፤ ሞተር አልነሣ ሲል ባትሪ፣ መብራት ሲፈዝ ዲናሞ ይቀየራል። አዲሱም ክፍል ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ምልክት ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ምልክቱ የሚታይበት ክፍልና ብልሽቱ ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ በመሆናቸው ምርመራው ከተጨመረው መስመር መጀመርና በልኬት መመራት አለበት የሚል ነው። ጉም በሸፈነው የሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ የፊት መብራት በድንገት መጥፋቱ ወይም የፍሬን መብራት አለመሥራቱ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ፣ ነገሩ ከጥገና ወጪ ያለፈ ትርጉም አለው።

የጭነት ስሌትና የፊውዝ ተግባር

እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት ፓውዛዎች በ12 ቮልት 9.2 አምፔር ገደማ ይስባሉ። የመኪናው ሁለት የፊት መብራቶች በረጅሙ ሲበሩ እያንዳንዳቸው 60 ዋት ቢሆኑ 10 አምፔር ይወስዳሉ። ፓውዛው ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ከታሰረ በመስመሩ የሚያልፈው ድምር 19 አምፔር ይደርሳል። ለ15 አምፔር የተሠራ ፊውዝ ይህን ተሸክሞ ሊቆይ አይችልም፤ መቃጠሉም ተግባሩን መፈጸሙ ነው። አደጋው የሚጀምረው በምትኩ የ30 አምፔር ፊውዝ ወይም ቁራጭ ሽቦ ሲገባ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ፊውዙ ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል።

ኢንቨርተርም በዚሁ ስሌት ይታያል። 300 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር የራሱ ብክነት ሲታከልበት ከባትሪው ከ25 አምፔር በላይ ይስባል። በ15 አምፔር ፊውዝ የሚጠበቅ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ግን ከ180 ዋት በላይ ሊያስተናግድ አይችልም።

በጭነት ጊዜ የሚባክን ቮልቴጅ

መስቀለኛ ስፋቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ 0.093 ኦም ገደማ ነው። 9.2 አምፔር ሲያልፍበት 0.86 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ይህ ትንሽ ቢመስልም የሃሎጅን አምፖልን ብርሃን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሽቦው በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢተካ ብክነቱ በግማሽ ይወርዳል።

ከሽቦው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የግራውንድ ማሰሪያው ነው። ቀለም ወይም ዝገት ባለበት ብረት ላይ የታሰረ ግራውንድ 0.1 ኦም ቢኖረው፣ በዚያው የፓውዛ ጭነት 0.92 ቮልት ያባክናል፤ በአንዲት ብሎን ሥርም 8.5 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ዝገቱን ያፋጥናል፣ ዝገቱም ሬዚስታንሱን ይጨምራል። ተጨማሪው መገልገያ ከኋላ መብራት ጋር አንድ ግራውንድ ከተጋራ ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ሊደበዝዝ፣ ወይም ያልተከፈተ መብራት ሊበራ ይችላል፤ በተለመደው መንገድ መመለስ ያልቻለው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋልና።

በቆመ መኪና የሚፈስ ኤሌክትሪክ

ጎብኚዎች በእግር ሲጓዙ መኪናው ደባርቅ ወይም ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው ሳንቃበር ለቀናት ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። ጤናማ መኪና ቆሞ ሳለ የሚስበው በአብዛኛው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። የማብሪያ ገመዱ በቀጥታ ከባትሪ የታሰረ አምፕሊፋየር፣ ከመከታተያና ከማንቂያ ጋር 0.4 አምፔር ቢስብ በቀን 9.6፣ በሦስት ቀን 28.8 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ይህም ከ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ የሚጠጋ ነው። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የባትሪው አቅም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሩ ዘይትም ወፍሮ ሞተሪኖው የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ መኪናው በማለዳ አይነሣም።

ያው መኪና ያንኑ ያህል ጊዜ ዛሪማ ቢቆም በሙቀቱ ምክንያት ሊነሣ ይችላል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በደጋው ብርድ ላይ ያላክካል። ብርዱ ግን የነበረውን ጉድለት ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። የቆላው ሙቀት በበኩሉ የባትሪውን እርጅና ስለሚያፋጥን ጉዳቱን በዝምታ ያሳድገዋል።

የ24 ቮልት ተሽከርካሪዎች

በጭነት አይሱዙዎች ላይ ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ለቴፕ የሚያስፈልገው 12 ቮልት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ሲወሰድ ያ ባትሪ ከጓደኛው ይልቅ ይደክማል። የዲናሞው ተቆጣጣሪ የሚያየው ግን ድምሩን ነው። ድምሩ 28 ቮልት ሆኖ የደከመው ባትሪ 13 ቮልት ላይ ከቀረ ሌላው 15 ቮልት ይደርሰዋል፤ ውሃውንም ያፈላል። በመጨረሻ አንዱ በረኃብ፣ ሌላው በጥጋብ ይሞታሉ። መፍትሔው ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል የሚስብ፣ 24ን ወደ 12 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ መግጠም ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ምን እንደተጨመረ፣ መቼና ከየት እንደታሰረ ይጠየቃል፤ ብልሽቱ የጀመረበት ጊዜም ከዚያ ጋር ይነጻጸራል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ካረፈ በኋላ ይለካል። 12.6 ቮልት ሙሉ መሆኑን፣ 12.2 ገደማ ግማሽ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሣ ንባቡ ብዙውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይሆናል። መገልገያዎቹ ሁሉ ሲከፈቱ ከ13 በታች ከወረደና ሲዘጉ ከተመለሰ፣ ዲናሞው ከመወቀሱ በፊት ጭነቱ ከአቅሙ በላይ መሆን አለመሆኑ ይሰላል።

ሦስተኛ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ እስከ አምፖሉ፣ ከአምፖሉ ግራውንድም እስከ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ይለካል። በመጀመሪያው ከ0.5፣ በሁለተኛው ከ0.2 ቮልት በላይ ከተገኘ መስመሩ ተጠርጣሪ ነው። ሽቦውን ነቅሎ በኦም መለካት እዚህ ላይ ያሳስታል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረለት ሽቦ ያለ ጭነት ጤናማ መስሎ ይነበባልና።

አራተኛ፣ መኪናው ተዘግቶ አምፔር መለኪያው በባትሪው አሉታዊ ገመድ መካከል ይገባል። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ እስኪያርፉ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያሻል፤ በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያቃጥላል። ከዚያ ፊውዞች አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ሆኖም ከባትሪው በቀጥታ የታሰረ መገልገያ በፊውዝ ሳጥኑ ስለማያልፍ ፊውዞቹ ሁሉ ቢነቀሉም መሳቡን አያቆምም። በመሆኑም ከባትሪው ጫፍ ላይ የተደረቡት ቀጫጭን ሽቦዎች ከፊውዞቹ ቀድመው ይፈቱ።

አምስተኛ፣ ተጠርጣሪው መገልገያ ሲፈታ ብልሽቱ መጥፋቱ፣ መልሶ ሲታሰር መመለሱ ይረጋገጣል። ሁለቱም ካልታዩ መንስኤው ተገኘ አይባልም።

ማጠቃለያ

ምርመራው የሚያሳየው ጉድለት በአገጣጠም ጊዜ ሊወገድ የሚችል ነው። ከባትሪ የሚነሣ መስመር በባትሪው አጠገብ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይኑረው፤ ከባድ ጭነት በሪሌ ይከፈት፤ ግራውንድ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰር፤ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ሽቦ በጎማ ቀለበት ይጠበቅ፤ መኪናው ሲቆም የማያስፈልግ መገልገያ ከቁልፍ ጋር የሚዘጋ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልጉት መልቲሜትር፣ ትዕግሥትና የኦም ሕግ ናቸው።

በሥልጠና ረገድ የአውቶ ኤሌክትሪክ ተማሪ ክፍል መቀየርን ከመማሩ በፊት በጭነት ጊዜ ቮልቴጅ መለካትን ቢለማመድ፣ ጋራዦችም የጨመሩትን መስመር፣ የፊውዙን መጠንና የተገጠመበትን ቀን ጽፈው በኮፈኑ ውስጥ ቢለጥፉ የሚቀጥለው መርማሪ ሥራ በእጅጉ ይቀልላል። ለጥናት ደግሞ በአንድ ቀን ጉዞ ብርድንና ሙቀትን የሚያገናኘው የደባርቅ–ዛሪማ መስመር ምቹ የመለኪያ ስፍራ ነው፤ በአንድ መኪና ላይ በሁለቱ ጫፎች የሚወሰድ የቮልቴጅ ንባብ የአየር ጠባዩን ድርሻ ከአገጣጠሙ ጉድለት ለመለየት ይረዳል።