የፋሲካ ዶሮ፦ ከገጠር ጓሮ እስከ ከተማ ማጀት

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ከምእመናን ማእድ ስለሚርቁ ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ በሰሙነ ሕማማት ግን ፈላጊው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የዶሮ ዋጋ ስለምን ይሰቀላል ቢሉ፣ መልሱ እንደ ዶሮው ዓይነት ይለያያል።

የሐበሻ ዶሮ ጓሮ ጭራ፣ ጥሬ ለቅማ የምታድግ በመሆኗ የቀለቧ ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋጋዋ የሚጨምረው በጉዞ ላይ ነው። ሰብሳቢው ከገጠር ገበያ ይገዛል፣ አከፋፋዩ ይረከባል፣ ቸርቻሪው ይሸጣል፤ በየእጁም የመኪና ኪራይ፣ በመንገድ የሚሞተው ዶሮ ኪሳራና ትርፍ ይታከልባታል። ለእርድ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ስለሚያስፈልጋት፣ በዓል ደረሰ ተብሎ ቁጥሯን ማብዛት አይቻልም።

የፈረንጅ ዶሮ የሚባለው ግን በበቆሎ፣ በአኩሪ አተርና በኑግ ፋጉሎ ስለሚቀለብ ዋጋው የእህሉንም ገበያ ይከተላል። ለሥጋ የሚረባው ዝርያ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ስለሚደርስ፣ አርቢው በጾሙ መግቢያ ጫጩት አስገብቶ ለፋሲካ ያደርሳል።

ባለሙያ እናቶች ግን የሐበሻዋን ይመርጣሉ፤ ሥጋዋ ጠንካራ በመሆኑ 12ቱ ብልት ሳይፈርስ ከቁሌቱ ጋር ይበስላል። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ በገበሬው ማማረር አግባብ አይመስለንም። ለልጁ ደብተር ወይም ለማዳበሪያ ሲል በጾሙ መካከል፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ሰዓት የሸጠ ገበሬ፣ የዋዜማው ዋጋ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ዶሮዋን ገዝቶ እየቀለበ ላቆያት ነው።