ስልሳ ፍሬ ሽምብራ፦ የመኪና ጌም ረጅም ውድድር እንዴት ይሠራል?

ግራና፣ እህቴ ቤት። አቦሉ ገና አልወረደም። የእህቴ ልጅ ከሳህኑ የተቆላ ሽምብራ እያነሣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ አሥር አሥር እያደረገ፣ ስድስት ረድፍ። ደርድር ያሉት አጎታችን ናቸው።

ልጁ ባለፈው ቅዳሜ በግራን ቱሪዝሞ 4 ጌም ላይ ግራንድ ቫሊ የሚባለውን የ300 ኪሎ ሜትር ውድድር ገብቶ ነበር። ከግማሽ በላይ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አራተኛ ወጣ። በአንድ ዙር ብቻ ቢለካ ከእሱ የፈጠነ መኪና አልነበረም። «ታዲያ ማን በላኝ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

አጎታችን ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የግራናን ሽንኩርት ደሴ፣ የመርሳን ማንጎ ወልድያ በአይሱዙ በማድረስ ነው። ሲነዳ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩትና «ልጄ፣ አንተ የምትነዳው ባጃጅ ተራ ለመቅደም ነው። ረጅም መንገድ እንዲህ አይነዳም። ስንት ጊዜ ቆምክ?» አሉት። አምስት ጊዜ። «አንደኛ የወጣውስ?» ሦስት ጊዜ። «በቃ፣ እዚያ ላይ ነው። ሽምብራውን አምጣ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ሒሳብ ነው፤ እኔም ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እሱ ነው። አጭር ውድድር የሚወሰነው በእጅና በእግር ነው። ረጅሙ ግን ገና ሞተሩ ሳይነሣ፣ ስንት ጊዜ እንደምትቆም ስትወስን፣ ከግማሽ በላይ ተወስኗል።

አንዱ የግራንድ ቫሊ ዙር ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ለሒሳባችን ስልሳ ዙር እንያዝ። አንዷ ፍሬ አንድ ዙር ናት። ፒት መግባት፣ ማለትም ከመንገዱ ወጥቶ ነዳጅ ሞልቶ፣ ጎማ ቀይሮ መመለስ፣ 35 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። ልጁ በየዙሩ ከተፎካካሪው አንድ ሰከንድ ይፈጥናል። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ በስልሳ ዙር 60 ሰከንድ ያተርፋል። ሁለት ጊዜ በትርፍ መቆሙ ግን 70 ሰከንድ ወሰደበት። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ስልሳ ፍሬዎች በሙሉ ያመጡለትን ትርፍ ሁለት ማቆሚያ ጠራርጎ በላው፤ አሥር ሰከንድ ደግሞ ዕዳ ጨመረበት። የበላው ሰው አልነበረም።

ቀጥለን ነዳጁን አየን። አንድ ሙሉ ታንከር 14 ዙር ያስኬዳል እንበል። ልጁ ሽምብራውን በአሥራ አራት፣ በአሥራ አራት ከፈለው፤ አራት ክምር ሆነና አራት ፍሬ ተረፈ። ለእነዚያ አራት ፍሬዎች ሲባል አንድ ሙሉ ማቆሚያ ይጨመራል፤ በድምሩ አራት ጊዜ መቆም ነው። ታንከሩ 15 ዙር ቢያስኬድስ? ስልሳው አራት እኩል ክምር ይሆናል፤ ማቆሚያውም ሦስት ብቻ። በመካከል ያለው ልዩነት ከነዳጁ ከመቶ ሰባት እጅ ያህሉን መቆጠብ ነው።

ይህ ሰባት ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ተጫዋች ነዳጅ መቆጠብ ማለት ቀስ ብሎ መንዳት ይመስለዋል። በቀጥታው መንገድ መጨረሻ፣ ፍሬን ከመያዝህ በፊት ያለችውን የመጨረሻ 100 ሜትር ተመልከት። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ብትሄድባት 1.8 ሰከንድ ትፈጃለች። እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሥተህ መኪናው በራሱ ግፊት እንዲንሸራተት ብትተወውና አማካይ ፍጥነትህ ወደ 190 ቢወርድ 1.9 ሰከንድ ገደማ ትፈጃለህ። የከሰርከው አንድ አሥረኛ ሰከንድ አይሞላም። በዚያች መቶ ሜትር እስከ ወለሉ ረግጠህ ብታቃጥለው ኖሮ ግን ነዳጁ የሚሰጥህ ፍጥነት ወዲያው በፍሬን የምትገድለው ነው፤ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበተናል። በአንድ ዙር ሦስት ቦታ ላይ እንዲህ ብታደርግ የምትከስረው 0.3 ሰከንድ ነው፤ በስልሳ ዙር 18 ሰከንድ። የምታድነው ማቆሚያ 35 ሰከንድ ነው። አሥራ ሰባት ሰከንድ ትርፍ፣ እግር ቶሎ በማንሣት ብቻ።

አጎታችን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳገት ሲያልቅና ቁልቁለት ሲጀምር እግር ማንሣት የቆየ የሹፌር ዕውቀት ነው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው ቁልቁለት የሚለቁ ሹፌሮች አሉ። ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ልማድ ነው፤ ፍሬኑ ብቻውን ሲቀር ይግላል፣ ከጋለም አይዝም። ትርፍም የለውም። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩ የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ዜሮ ላይ ሲሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያቃጥላሉ።

ሌላው የነዳጅ ማዳኛ ማርሽን ቶሎ መጨመር፣ ሞተሩ እስኪጮህ አለመጠበቅ ነው። ከፊት ያለን መኪና ተጠግቶ መከተልም አለ። ነፋሱን የሚከፍተው እሱ ነው፤ አንተ በከፈተው ታልፋለህ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራን ቱሪዝሞ 7 ላይ የነዳጁን አሰጣጥ ከ1 እስከ 6 የሚቀይር ማስተካከያ ስላለ ነዳጅ መቆጠቡ ይቀላል፤ 1 ኃይለኛው፣ 6 ቆጣቢው ነው።

አሁን ጎማው። ልጁ አምስት ጊዜ የቆመው ነዳጅ አልቆበት አልነበረም፤ በየአሥር ዙሩ ጎማው እያለቀበት ነው። ለምን እንደሚያልቅ አጎታችን ያሳዩት በመዳፋቸው ነው። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ወደፊት ገፉት፣ ወዲያው ወደ ጎን ጠመዘዙት፤ ከዚያ የልጁን ጉንጭ ነኩበት። ሞቋል። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ያቺ ቦታ ያላት የመያዝ አቅም አንድ ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ከእሱ ትወስዳለህ፣ መሪ ስታዞርም ከእሱ፣ ነዳጅ ስትረግጥም ከእሱ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ከጠየቅኸው አቅሙ አይበቃም፤ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ጎማ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ይላጣል። «ከድልብ ወደ ወልድያ ስወርድ» አሉት፣ «ፍሬኔን የምጨርሰው ኩርባው ሳይጀምር ነው። ኩርባው ውስጥ መሪ ብቻ ነው ያለው። ሲከፈትልኝ ነዳጅ።» ልጁ ግን ኩርባው መሐል ድረስ ፍሬን ይዞ ይገባ ነበር፣ ጎማው እየጮኸ። ያ ጩኸት በጌሙ ውስጥ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ የጎማህ ዕድሜ ሲያልቅ የምትሰማው ድምፅ ነው።

ያረጀ ጎማ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ይደማመራል። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ዙር በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ትንሽ ይመስላል። በ15 ዙር ግን ድምሩ 21 ሰከንድ ነው። ሳትቀይር 30 ዙር ብትሄድበት 42 ሰከንድ አይደለም፤ 87 ሰከንድ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ ዙሮች እያንዳንዳቸው ከአምስት ሰከንድ በላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ «ጎማ ሳልቀይር ልሂድ፣ ጊዜ ላትርፍ» የሚለው ሐሳብ እንደ ፈጣን መንዳቱ ሁሉ ያከስራል። የምትፈልገው ጎማውና ነዳጁ ባንድ ዙር ላይ አብረው እንዲያልቁ ነው፤ ያኔ አንዱ ማቆሚያ ለሁለቱም ይሆናል። ለስላሳ ጎማ ወይስ ጠንካራ የሚለው ክርክርም እዚሁ ይፈታል። ለስላሳው ይፈጥናል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ታንከሩ 15 ዙር ከሄደ 15 ዙር የሚደርስልህን ጎማ መርጠህ ትገባለህ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ግን ዙሮችህ ተመሳሳይ ከሆኑ ብቻ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ የመጀመሪያውን ግማሽ በ1:02:05፣ ሁለተኛውን በ1:01:54 ነው የሮጠው። ከአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ የሁለቱ ግማሽ ልዩነት 11 ሰከንድ ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው ቅዳሜ የመዘገባቸውን የዙር ሰዓቶች አወጣ፤ ምርጡና መጥፎው በስምንት ሰከንድ ይራራቃሉ። ከመንገድ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ የገባባቸው ሁለት ዙሮች ብቻ ግማሽ ማቆሚያ ያህል ወስደውበታል። በረጅም ውድድር ከምትችለው ትንሽ ዝቅ ብለህ፣ ሳትሳሳት መንዳት አለብህ።

ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እንግሊዛዊው ጃን ማርደንበሮ በ2011 እ.ኤ.አ. በግራን ቱሪዝሞ ተጫዋቾች መካከል በተካሄደው ምርጫ አሸንፎ ወደ እውነተኛ መኪና ገባ፤ በ2013 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ቡድኑ በምድቡ ሦስተኛ ሆነ። ሌ ማን ፈረንሳይ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በ2010 ያሸነፈው አውዲ በአንድ ቀን 5,410 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከአዲስ አበባ ወልድያ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። እዚያ በአንድ መኪና ሦስት ሹፌሮች ይፈራረቃሉ፤ አንድ ሰው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም።

ግራን ቱሪዝሞ 4 ላይም የ24 ሰዓት ውድድር አለ፤ እዚህ ግራና ውስጥ ደግሞ የሚፈተነው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ጌሙ በውድድሩ መሐል ሴቭ አያደርግም። መብራት በአሥራ ስምንተኛው ሰዓት ላይ ቢሄድ አሥራ ስምንቱም ሰዓት ይሄዳል። ለዚህ የሚረዳው ቢ-ስፔክ የሚባለው አማራጭ ነው፤ አንተ እንደ ቡድን መሪ ሆነህ «ፍጠን፣ ረጋ በል፣ ፒት ግባ» ትላለህ፣ ሹፌሩ ይነዳል፤ ጊዜውንም እስከ ሦስት እጥፍ ማፋጠን ይቻላል። ሃያ አራቱ ሰዓት ወደ ስምንት ይጠጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላለ ልጅ ይህን መምረጥ ከሒሳቡ አንዱ ክፍል ነው።

በረካው ሲቀዳ የቀረው የመጨረሻው ማቆሚያ ነበር። ልጁ እዚያም ታንከሩን ሞልቶ ይወጣ ነበር። ሲሞላ ሰከንዱ ይቆጠራል፤ አንድ ሊትር ነዳጅም ከሰባት መቶ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሃምሳ ሊትር ትርፍ ይዞ መጨረስ ታዳጊ ልጅን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ እንደመወዳደር ነው። የቀሩህን ዙሮች ቆጥረህ፣ ታንከሩ ከቻለ የአንድ ዙር መጠባበቂያ ጨምረህ ቁረጥ። በሰዓት የሚለካ ውድድር ከሆነ መጠባበቂያዋ ግዴታ ናት፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው መስመሩን ብታልፍ አላለቀልህም፣ ገና አንድ ሙሉ ዙር ይጠብቅሃል።

«ቁጠር እስቲ» አሉት አጎታችን። ልጁ የመጨረሻዋን ክምር ወደ ራሱ ሳበ። አሥራ አምስት ፍሬ። «ልክ አንድ ታንከር» አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ፕሌይስቴሽኑን ከፈተ።