ከእረኛ ጋሪ የተነሣው ተጎታች ቤት፡ አዲስ አበባን ያየው የኤርስትሪም ታሪክ

አዲስ አበባ፡- ከየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሹፌር ዳገቱ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። የተራራው አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ በመኾኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም በዚያው ልክ ይደክማል። ከኋላው ተሳቢ ካለበት እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ክብደትን በመቀነስ ስም ያተረፈው የአሜሪካው ተጎታች ቤት አምራች የኤርስትሪም ታሪክም ለደጋ ነዋሪ ሩቅ አይደለም፤ መሥራቹ ቤቶቹን እያስጎተተ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷልና።

ተጎታች ቤት መኝታ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ ይዞ በመኪና የሚሳብ ክፍል ነው። በመንገድ ሥራ ካምፖች የሚታወቀው ካራቫን የቅርብ ዘመዱ ነው።

መሥራቹ ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ በ1896 በኦሪገን ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር። በግጦሽ ተራሮች ላይ የሚያድረው አህያ በምትስበው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ውስጥ ሲኾን፣ ጋሪው ምድጃ፣ ስንቅና መኝታ ይይዝ ነበር። ሌሊቱን በዳስ ኾኖ መንጋ ለሚጠብቅ የሀገራችን አርሶ አደር ነገሩ እንግዳ አይኾንበትም፤ የባያም ዳስ ግን መንጋውን ተከትላ ትሄድ ነበር።

ካደገ በኋላ በሎስ አንጀለስ ከተማ መጽሔት አሳታሚ ኾነ። መጀመሪያ የሠራው ተጎታች በመኪና ሻንሲ ላይ የተተከለ ድንኳን ነበር። ባለቤቱ ማሪዮን ግን መሬት ላይ ማብሰሉንና በድንኳን ማደሩን አልወደደችውም። እርሱም ምድጃና የበረዶ ሳጥን ያለበት፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ክፍል ሠራላት። ወለሉን በጎማዎቹ መካከል ዝቅ በማድረጉ ሰው በውስጡ ቀጥ ብሎ መቆም ቻለ። ጎረቤት አይቶ "ለእኔም ሥራልኝ" አለ። እንዲህ በጓሮ የተጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ በ1931 ኤርስትሪም የሚባል ድርጅት ኾነ፤ ስሙ የአየር ጅረት እንደማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ኮምፔርሳቶን ከመሰለ ስስ የእንጨት ሰሌዳ የተሠሩ ነበሩ። ድርጅቱን ዝነኛ ያደረገው የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅርፅ የመጣው እ.ኤ.አ በ1936 ክሊፐር ከተባለው ሞዴል ጋር ነው። እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት፤ ቅርፁን ቀድሞ ያወጣው ሃውሊ ቦውለስ የተባለ የአውሮፕላን ሠሪ ነበር። የቦውለስ ድርጅት ሲከስር ባያም ንድፉን ወስዶ፣ ከፊት የነበረውን በር ወደ ጎን አዛውሮ ለገበያ አበቃው። ዋጋው 1 ሺህ 200 ዶላር ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር ከአውሮፕላን የተወሰደ ነው። ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ በብዙ ሪቬት ከጎድን አጥንት መሰል ቅስቶች ጋር ሲያያዝ፣ ቆዳው ራሱ ጭነቱን ይሸከማል። በ1938 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በልደታ ሜዳ ያሳርፋቸው የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች አካላቸው በዚሁ መንገድ የተገጣጠመ ነበር። በእኛ ጋራዦች "ጠንካራ" ሲባል ብዙ ጊዜ ወፍራም ብረት ማለት ነው፤ ነገር ግን የተሳቢው ብረት በከበደ ቁጥር ሞተሩ ለእህሉ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል።

ቅለት ብቻውን አይበቃም፤ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታም ይወስናል። ባለጋሪ ይህን ከመሐንዲስ ባላነሰ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ የጋሪው እጀታ ወደ ላይ ይነሣና የአህያዋን ሆድ ይይዛል፤ ወደ ፊት ከበዛ ጀርባዋን ያቆስላል። በመኪና ለሚጎተት ቤት በተለምዶ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚኾነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ጊዜ እንደ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ሊገለብጥ ይችላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሉሚኒየም ለጦር አውሮፕላን በመዋሉ ፋብሪካው ተዘጋ። ባያም በአውሮፕላን ፋብሪካዎች ተቀጥሮ ሠራ፤ ከጦርነቱ በኋላም ሥራውን እንደገና አስነሣው። እ.ኤ.አ በ1952 በኦሃዮ ግዛት ጃክሰን ሴንተር በምትባል የገጠር ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ።

ወደ ሀገራችን ያመጣው ጉዞ የተጀመረው በ1951 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ከኬፕታውን ነው። 41 ተጎታች ቤቶች ከነባለቤቶቻቸው ተሰልፈው ወደ ካይሮ አቀኑ፤ ርቀቱ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ማስታወቂያ እንደነበር አይካድም፤ ፈተናነቱም ግን እውነተኛ ነበር። በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም፤ ከኬንያ ድንበር ወደ መሀል ሀገር የሚያመጣው መንገድም አስፋልት አላየም ነበር። ተጓዦቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም ከእንጦጦ ግርጌ ከመቆርቆሯ በፊት የነገሥታቱ መናገሻ ራሱ ድንኳኑን ነቅሎ፣ በበቅሎ ጭኖ ይዞር የነበረ ነውና፣ ቤቱን ይዞ የሚሄድ እንግዳ ለዚህች ሀገር አዲስ አልነበረም።

የተጓዦቹን ማኅበር ለዓመታት የመራችው የባያም የአጎት ልጅ ሄለን ባያም ሽዋምቦርን ነበረች። ባያም እ.ኤ.አ በ1962 ሞተ፤ ድርጅቱም በ1967 ቢያትሪስ ፉድስ ለተባለ የምግብ ኩባንያ ተሸጠ። ከጨረቃ የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በ1969 ተለይተው የቆዩባት ክፍል ከኤርስትሪም ተጎታች የተሠራች ነበረች። በ1980 ደግሞ ዌድ ቶምሰንና ፒተር ኦርትዊን ገዙት፤ ቶር የተባለውንም ኩባንያ ከሁለቱ ስም ቀንጭበው ሰየሙት።

ምርቱ ዛሬም የሚወጣው ከጃክሰን ሴንተር ነው። ሪቬቱን ሁለት ሠራተኞች ተጣምረው ይመታሉ፤ አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ሌላው ከውስጥ የብረት መደገፊያ ይዞ ይመልስለታል።