ኩርሽም የሚል የዓሣ ሳምቡሳ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና የረመዳን ጾም በአንድ ወቅት መግባታቸው ይታወሳል። እኛ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ አንዲት ክፍል በኅብረት ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን፤ ከአራታችን አንዱ ረመዳንን ይጾማል፥ ሁለታችን በዐቢይ ጾም ዓሣ እንበላለን፥ አንዱ ደግሞ በጾም ወራት ዓሣም ቢሆን አይቀምስም። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባቶቻችን ትተነዋል፤ በክፍላችን ውስጥ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል።) ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ትሪ ስንበላ የቆየን ሰዎች በዚያ ወር እያንዳንዳችን በየሰዓታችንና በየማዕዘናችን መብላት ጀመርን። ነገሩ ስላልጣመን በሳምንት አንድ ማታ እንኳ አብረን እንድንቀመጥ መከርን። ሁላችንን የሚያስማማ ሆኖ የተገኘው ሳምቡሳ ነው፤ ለሦስታችን የዓሣ፥ ለአንዳችን የምስር።

የመጀመሪያው ሙከራችን አሳፋሪ ነበር። ዓሣውን ቀቅለን፥ ገና ትኩስ ሳለ ጠቅልለን፥ ዘይቱ በቅጡ ሳይግል ዐሥሩን በአንድ ጊዜ ከመጥበሻው ጨመርነው። ግማሹ ተከፈተ፤ ያልተከፈተውም ዘይት ጠጥቶ እንደ ረጠበ ጨርቅ ለሰለሰ። የዘይት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ለተማሪ አይነገርምና አንድ ሊትር ያህል ዘይት በአንድ ማታ ጠቁሮ ሲደፋ የተሰማንን አንባቢ ይረዳዋል። ጿሚው ጓደኛችን በቴምር አፍጥሮ ከትሪው አንዱን አነሣና፥ «ጣዕሙ ደኅና ነው» አለን። ስለ ጣዕሙ ብቻ መናገሩን ሁላችንም አስተዋልን። በማግስቱ ድሬዳዋ ለሚኖሩት እናቱ ስልክ ደወለ፤ እርሳቸውም ስቀው ካበቁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ውኃውን ምን አደረጋችሁት?» ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ሙከራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

በቅድሚያ ስለ ምግቡ ጥቂት እንበል። ሳምቡሳ ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሕንዶች ሳሞሳ ይሉታል። በከተማችን የቻይና ምግብ ቤቶች ስፕሪንግ ሮል የሚባለው፥ ቻይናውያን በጸደይ በዓላቸው የሚበሉት ጥቅል፥ በቅርጹ ቢለይም በአሠራሩ የሳምቡሳ ዘመድ ነው፦ ስስ ቂጣ፥ ደረቅ ሙሊት፥ የጋለ ዘይት። በውጭ አገር በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ውስጡን በሽሪምፕና በክራብ ይሞሉታል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት ስለ ሆነች የእኛ «የባሕር ምግብ» ከሐይቅ ይመጣል። ይህም የሚናቅ አይደለም፤ ዝዋይ፥ ሐዋሳ፥ ጫሞና ጣና ለሳምቡሳ የሚሆን ዓሣ ያበቅላሉ። እኛ የምንሠራው ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሳይሆን እንደ ስፕሪንግ ሮል የተጠቀለለውን ነው፤ ምክንያቱም ባለ ሦስት ማዕዘኑን አስተካክሎ ማጠፍ ልምድ ይፈልጋል፥ ጥቅሉን ግን ጀማሪ እጅም ይችለዋል።

ዓሣ በሚገዛበት ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚሻለው ቆሮሶ ነው፤ በሌላ ስሙ ቲላፒያ የሚባለው። አጥንቱ ትልልቅና በሥርዓት የተቀመጠ በመሆኑ ሥጋው በንጹሕ ይወጣል። በጣና በብዛት የሚገኘው ላቤዮባርበስ የተባለው ወገን ግን ከጎን አጥንቱ ሌላ በሥጋው መካከል እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ጥቃቅን አጥንት ስላለው ለሳምቡሳ አይመከርም፤ በጨለማ የሚበላ ጿሚ አጥንቱን አያየውም። በአርባ ምንጭ በኩል ነጭ ዓሣ የሚሉት ናይል ፐርች ከተገኘም እጅግ መልካም ነው። ሙሉ ዓሣ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የጠራ፥ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን ይመልከት። ፊሌቶ የሚገዛ ግን ዓይንም ስንጥብም ስለማያገኝ በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ የተጫነበት ቦታ ተመልሶ ከሞላ ትኩስ ነው፥ ጎድጉዶ ከቀረ ይተወው። በቤት ውስጥ ሎሚ አሽቶ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ሽታውን ይቀንሳል፤ የዓሣን ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ከአሲድ ጋር ሲገናኙ የመትነን ኃይላቸው ስለሚደክም ነው።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። በሙሊቱ ውስጥ የቀረች አንዲት ጠብታ ውኃ ወደ እንፋሎት ስትለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ትሰፋለች። ይህ እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል፤ ቂጣውን ሰንጥቆ ይወጣል፥ ወይም ከውስጥ ሆኖ ቂጣውን ያረጥበዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከመጥቀለል በፊት ውኃን ማባረር ነው። ለግማሽ ኪሎ ፊሌቶ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፥ አንድ ካሮትና አንድ እፍኝ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ይበቃል። ጎመኑንና ካሮቱን ጨው ነስንሶ ዐሥር ደቂቃ ማቆየት፥ ከዚያም በእጅ ጨምቆ ውኃውን መድፋት፤ ከአንድ እፍኝ ጎመን ይህን ያህል ውኃ መውጣቱ መጀመሪያ አስደንቆናል። ሽንኩርቱን እናቶቻችን ለወጥ እንደሚያደርጉት ያለ ዘይት ማቁላላት፤ ከዚያ ጥቂት ዘይት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ ቀጥሎም በደቃቁ የተከተፈውን ዓሣ መጨመር። ዓሣው መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣና ይንተከተካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሰለ ብሎ ያወጣዋል፤ እኛም ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ይሰማ፦ የመንተክተኩ ድምፅ ወደ ጭስስ ማለት ሲለወጥ ውኃው አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የተጨመቀው ጎመንና ካሮት፥ ቃሪያ፥ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ድምብላል ገብቶ ሁለት ደቂቃ ይታመስና ይወርዳል። በዘርፉ ልምድ ያለው አንባቢ ይህ የዓሣ ዱለት አይደለምን? ይል ይሆናል፤ ከሞላ ጎደል ነው። ልዩነቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሰፊ ሳህን ላይ ተዘርግቶ መቆየቱ ነው፤ ትኩስ ሙሊት ከተጠቀለለ እንፋሎቱ ቂጣው ውስጥ ተመልሶ ውኃ ይሆናል።

የምስሩም ሕግ ይኸው ነው፤ እንዳይፈርስ ለጋ ሳለ አውጥቶ በወንፊት ማጥለል ያስፈልጋል።

ቂጣውን በተመለከተ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ለብ ያለ ውኃ እየተጨመረ ጠንከር ያለ ሊጥ ይቦካል፤ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ግድ ነው፥ አለዚያ ሲዳመጥ እየተሸበሸበ ይመለሳል። ከዚያም ወደ ሃያ ድቡልቡል ይከፈላል። ከድሬዳዋ የተማርነው ብልኃት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱን ድቡልቡል ለየብቻ በመዳፍ ያህል ጠፍጥፎ፥ የአንዱን ፊት ዘይት ቀብቶ ዱቄት ከነሰነሱ በኋላ ሌላውን በላዩ ደርቦ ሁለቱን በአንድነት እስኪሳሳ ድረስ መዳመጥ። መዳመጫ የሌለው በንጹሕ ጠርሙስ ይሠራል፥ እኛም የምንሠራው በእርሱ ነው። የተደረበው ቂጣ በደረቅና በሞቀ ምጣድ ላይ በየፊቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀመጣል፤ መብሰል ሳይሆን መድረቅ ነው የሚፈለገው። ገና ትኩስ ሳለ ሁለቱን ሲያላቅቁት ብርሃን የሚያሳልፍ ሁለት ስስ ቂጣ ይገኛል። ይህን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ማቆየት ነው።

ሙሊቱን አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጎ በቂጣው ጠርዝ ላይ በረጅሙ ማስቀመጥ፥ አንድ ዙር መጠቅለል፥ የግራና የቀኝ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ እስከ መጨረሻው መጠቅለል። ጫፉን በእንቁላል የሚያጣብቁ አሉ፤ እንቁላል ግን ጾም ስለማይሆን ዱቄት በጥቂት ውኃ በጥብጦ መቀባት ይበቃል። ጠበቅ ይበል እንጂ አይወጠር፤ ውስጡ አየር የቀረበት ጥቅል ዘይት ላይ ይነፋል።

ስለ መጥበሱ ከመጻሕፍት ጋር ትንሽ የምንጣላበት ነገር አለን። የውጭ አገር መጻሕፍት ዘይቱ ወደ 180 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ፤ እነርሱ ግን የሚጽፉት በባሕር ወለል አጠገብ ሆነው ነው። እኛ ያለነው ከእንጦጦ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም ቂጣው ውስጥ ያለው እርጥበት በእነርሱ ዘንድ ከሚደርስበት ሙቀት ዝቅ ባለ ሙቀት ይተናል፤ እስኪተንም ድረስ የቂጣው ውስጥ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በ180 ዲግሪ ስንጠብስ ላይኛው ድርብ ቶሎ ይጠቁርና ውስጠኞቹ ድርቦች ሳይደርቁ ይቀራሉ፤ ከመጥበሻው ሲወጣ ኩርሽም ያለው ነገር ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚለሰልሰው ስለዚህ ነው። ለዚህ ሰፈር 165 ወይም 170 ዲግሪ ይሻላል፥ ጊዜውም አራት ወይም አምስት ደቂቃ። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው (ማንስ አለው?) የደረቀ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ይንከር፤ በዙሪያው ጥቃቅን አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ደርሷል፥ አረፋ ከሌለ ይጠብቅ፥ ዘይቱ ከጨሰ ያውርደው። በአንድ ጊዜ ከአራት አይበልጥ፤ ዐሥር የጨመረ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፥ የእኛን ታሪክ ይደግማል።

አንድ ሌላ ነገር ከኬሚስትሪ ተማሪው ጓደኛችን ተማርን። እንፋሎት ከቂጣው እየገፋ በሚወጣበት ጊዜ ዘይት ወደ ውስጥ መግባት አይችልም፤ አብዛኛው ዘይት የሚገባው ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ ነው፥ ጥቅሉ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀረው እንፋሎት ተኮማትሮ በላዩ ያለውን ዘይት ይስባልና። ስለዚህ ሲወጣ ወዲያው ማንጠፍጠፍና በወንፊት ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ሳህን ላይ መደራረብና እንዳይቀዘቅዝ ብሎ በክዳን መክደን ግን የደከሙበትን ሁሉ ያጠፋል፤ በክፍላችን ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው አለ፥ ስሙን አንጽፍም።

ዓሣ የማይቀምሰው ወንድማችን የማይከፋበትን ተራም አበጅተናል። በንጹሕ ዘይት መጀመሪያ የሚጠበሰው የምስሩ ነው፥ ዓሣው መጨረሻ። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት በጨርቅ ተጠልሎ ዓሣ ተብሎ በተጻፈበት ጠርሙስ ለብቻው ይቀመጣል፥ ከሽሮ ጋር አይገናኝም፤ ከጠቆረ ወይም ከመጋሉ በፊት መጨስ ከጀመረ ይደፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሳናስብ በአንድ ዘይት ጠብሰን ነበር፤ እርሱም ምንም ሳይናገር ዳቦ በሻይ በላ።

መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው በረንዳ ላይ ይሥራ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውኃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ይበትነዋል። ምድጃውን አጥፍቶ መጥበሻውን በብረት ክዳን መክደን ነው። በጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል በስሙ ውስጥ ቃጠሎን የያዘው ያለ ነገር አይደለም። ትኩስ ዘይት የነካውን እጅ ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር መያዝ፤ የጥርስ ሳሙና፥ ቅቤ፥ እንቁላል አለመቀባት፤ ቃጠሎው ከመዳፍ ከሰፋ ወይም ፊት ከነካ ወደ ሐኪም መሄድ።

ማባያው አዋዜ ወይም ዳጣ ነው። ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መጥበስ ከተጀመረ አዛኑ ሲሰማ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወንፊቱ ላይ ቆመው ይገኛሉ። የተረፈ ካለ በማግስቱ ያለ ዘይት በደረቅ መጥበሻ፥ በቀስታ እሳት እያገላበጡ ማሞቅ ነው።