የዘመን ቀመርን መፈተሽ፦ የሁለት የኢማክስ መፈተሻ መሣሪያዎች ንጽጽር



የዛሬው ንግግሬ ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ አርታዒ በሊስፕ ቋንቋ የሚጻፉ ፕሮግራሞች የሚፈተሹባቸውን ሁለት መሣሪያዎች ያነጻጽራል። አንደኛው ኢ.አር.ቲ.፣ ሁለተኛው በተርካፕ ይባላሉ። ንጽጽሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር ለሁላችን ቅርብ የሆነ ጉዳይ መርጫለሁ፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን መለወጥ ነው። ኢማክስ ይህን የሚሠራ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው፤ እኛ ግን አንድ ተማሪ የራሱን መለወጫ ጻፈ ብለን እናስብ። የተከተለው ደንብ የታወቀው ነው፦ መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል።

መፈተሻ የሚሆን ቀን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ምኒልክ አደባባይ ይበቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 2 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም የተመረቀው በዋዜማው ነበር። በዚያው ሐውልት ሥር ሲታሰብ የኖረው የዓድዋ ድል ደግሞ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። ኢ.አር.ቲ. ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ24ኛው የኢማክስ እትም ወዲህ፣ ከአርታዒው ጋር አብሮ ይመጣል። በተርካፕ ለብቻው የሚጫን ሲሆን አሠራሩን የቀዳው ጃስሚን ከተባለው የጃቫስክሪፕት መፈተሻ ነው። ይህ የትውልድ ልዩነት በአጻጻፋቸው ይታያል። በኢ.አር.ቲ. እያንዳንዱ ፍተሻ የራሱ ስም ያለው፣ ለብቻው የሚቆም ነው፤ በውስጡም «ሹድ» የተባለው ማክሮ እውነት መሆን የሚገባውን ያስቀምጣል። በበተርካፕ ግን ፍተሻዎች በርእስና በንኡስ ርእስ ተደራጅተው በዓረፍተ ነገር ይገለጻሉ። ዓረፍተ ነገሩ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ «የዓድዋን ቀን በትክክል ይለውጣል» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ፕሮግራም የማይጽፍ የታሪክ ምሁርም ውጤቱን አንብቦ ሊረዳው ይችላል።

ፍተሻ ሲወድቅ ሁለቱም የተጠበቀውንና የተገኘውን ያሳያሉ። የኢ.አር.ቲ. ብልጫ ውጤቱ እዚያው አርታዒው ውስጥ መቅረቡ ነው፤ ከወደቀው ፍተሻ ወደ ምንጩ መዝለል፣ የጥሪውን ሰንሰለት መመልከት፣ ደግሞ ማስኬድም ይቻላል። የበተርካፕ ብልጫ ሌላ ነው። መለወጫው «ዛሬ» ምን ቀን እንደሆነ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጳጉሜን 6 ቀንን ለመፈተሽ አራት ዓመት መጠበቅ አይቻልም። በተርካፕ የዛሬን ቀን የሚነግረውን ተግባር ለጊዜው ተክቶ የፈለግነውን ቀን እንዲመልስ የሚያደርግ ዝግጁ ዘዴ አለው። ከእያንዳንዱ ፍተሻ በፊትና በኋላ የሚሠራውን ዝግጅትም ቦታ ሰጥቶታል። በኢ.አር.ቲ. ይህንኑ በተራ የሊስፕ ተግባራትና ማክሮዎች ራሳችን እንሠራዋለን።

ስለዚህ እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ለሚመልስ ቀመር ኢ.አር.ቲ. ይበቃል፤ በአካባቢው ሁኔታ ለሚለዋወጥ ፕሮግራም በተርካፕ ይቀላል።

ነገር ግን የተማሪያችንን መለወጫ በየትኛውም መሣሪያ በዘውዱ ቀን ብቻ ብንፈትሸው ያልፋል። በዓድዋ ቀን ስንፈትሸው ማርች 2፣ ሰኞ ይለናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ጎርጎርዮሳዊው ግን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረገም። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ነበር። በ2100ም እንዲሁ ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስን ሳይከተል ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የታወቀው ደንብ እውነት የሚሆነው በሁለቱ ዓመታት መካከል ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ቀን ስሕተት ትንሽ አይደለም። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሎች በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢመዘገቡ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ሰነድ በጎርጎርዮሳዊ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ መልስ የሆነው ደብዳቤ ከጥያቄው ቀድሞ የተጻፈ ሊመስል ይችላል። ሁሉም ፍተሻ አልፏል የሚለው ዘገባም ስሕተቱን ይሸፍነዋል።

መሣሪያው የጠየቅነውን ብቻ ይመልሳል። ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው የዘመኑን ቀመር ያጠና ሰው ነው፤ ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት ደንባችን የሚሰበርበትን ዓመት እንፈልግ።