የዕቃ ዝርዝር ፋይል ከመላኩ በፊት ስለሚደረግለት ምርመራ

ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የሚታወቅበት ቁጥር 090111 ነው። ይህን ቁጥር የያዘ ዝርዝር በኤክሴል ተከፍቶ እንደ ገና ሲቀመጥ የፊተኛው ዜሮ ይወድቅና 90111 ሆኖ ይቀራል። ለተመልካች ሠንጠረዡ ፍጹም የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን 9011 በዚያው አመዳደብ የማይክሮስኮፕ መደብ ነው።

ይህም የሚደርሰው፣ በንግድ ቤቶች መካከል የሚተላለፉት ብዙዎቹ ዝርዝሮች ዓምዶቻቸው በኮማ ብቻ የተለዩ፣ ሲ.ኤስ.ቪ. የሚባሉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ስለ ሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል የትኛው ዓምድ መጠን፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው መለያ እንደ ሆነ በራሱ አይናገርም፤ የሚከፍተው ፕሮግራም እንደ መሰለው ይገምታል።

ለዚህ ችግር ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አንዱ ፍሪክሽንለስ የተባለው፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተሠራና በነጻ የሚገኝ የፕሮግራም ስብስብ ወይም ላይብረሪ ነው። አስቀድሞ የዓምዶቹ ደንብ በአንድ አነስተኛ ፋይል ይጻፋል። ይኸውም የዕቃው መለያ «ጽሑፍ» ተብሎ ይመደብና አሃዞቹ ስድስት ብቻ እንዲሆኑ ይወሰናል፤ የደረሰኝ ቁጥር እንዳይደገም፣ ክብደት ከዜሮ እንዳያንስ፣ የገዢ ስም ባዶ እንዳይተው ይታዘዛል። ከዚያም ፋይሉ በአንድ ትእዛዝ ሲመረመር ጉድለቱ በየትኛው ረድፍና ዓምድ እንዳለ ተዘርዝሮ ይወጣል፤ 90111 ያለበትም ረድፍ ወዲያው ይያዛል። ደንቡ ካልተጻፈለት ግን ይህም መሣሪያ ራሱ ገማች ስለሚሆን ጥቅሙ እጅግ ያንሳል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚያሳስበው የቀን ዓምድ ነው፤ ምርመራው የሚካሄደው በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. «2016-02-30» ተብሎ ቢገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ስሕተቱ ይታወቃል። ጳጉሜም 13ኛ ወር በመሆኗ አታልፍም። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. «2016-03-12» ሲባል ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋል፤ ዕቃውም ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ በቀኑ ዓምድ ላይ ዝቅተኛ ወሰን፣ ለምሳሌ «2023-01-01»ን፣ ማኖር ይገባል።

በስም ረገድ «ዓለሙ»ና «አለሙ» ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ለየደንበኛው መለያ ቁጥር መስጠት ይሻላል። 600 ከረጢት 60 ተብሎ ቢጻፍም ሁለቱ ደንቡን የሚያሟሉ ቁጥሮች ናቸውና ምርመራው አይነካውም፤ ይህን ከመጫኛው ሰነድ ጋር የሚያስተያየው የመዝገቡ ጸሐፊ ነው።