የሙቀት ሕግና ከአየር የተገኘው ማዳበሪያ

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ እንዲሉ፣ ሊሆን በማይችል ነገር መድከም በኬሚስትሪ ላቦራቶርም ያጋጥማል። ተመራማሪዎችን ከዚህ ከንቱ ድካም የሚያድናቸው ቴርሞዲናሚክስ የተባለው የሙቀትና የኃይል ትምህርት ነው። ይኸውም ሁለት ነገሮች ሲዋሐዱ በስንት ሙቀትና በስንት ግፊት ምን ያህል ውጤት ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ በሒሳብ ያስረዳል። ጥቅሙን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ የአሞኒያን ታሪክ መርጠናል።

ከምንተነፍሰው አየር ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም አዝርዕት ከአየር በቀጥታ ሊመገቡት አይችሉም። ፍሪትዝ ሐበር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ለመሥራት በ1000 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ቢሞክር፣ ያገኘው ከ10,000 እጅ አንድ ያህል ብቻ ነበር። ቫልተር ኔርንስት ደግሞ በአዲሱ የሙቀት ሕጉ ቢያሰላው ይህም ቁጥር በዛበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሐምቡርግ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ላይ የሐበርን ሥራ በአደባባይ ነቀፈ።

ሐበር እጅግ ቅር ተሰኘ፤ ነገር ግን ሥራውን አልተወም። ከሮበርት ለ ሮሲኞል ጋር ሆኖ ደጋግሞ ቢለካ፣ የመጀመሪያው ቁጥሩ በእርግጥ የበዛ ሆኖ አገኘው። ሒሳቡ ግን መንገዱንም አመለከተው። ሁለቱ ጋዞች ሲዋሐዱ ሙቀት ያወጣሉ፤ መጠናቸውም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ዝቅ፣ ግፊቱ ከፍ ቢል አሞኒያው ይበዛል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቴርሞዲናሚክስ የሚቻለውን ይናገራል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይናገርም። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ውሕደቱ ይዘገያልና፣ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ማዕድን አስፈለገ። ሐበር በ1909 ዓ.ም. በካርልስሩኤ በኦስሚየም አማካይነት፣ ከተራው አየር 200 እጥፍ በሚጠጋ ግፊት፣ አሞኒያው ሲንጠባጠብ አሳየ። ከዚያም ካርል ቦሽ በብረት የሚሠራውን ፋብሪካ በ1913 ዓ.ም. በኦፓው አቋቋመ።

ይህ ሥራ ለክፉም ለበጎም ውሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ፈንጂ መሥሪያ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ገበሬያችን ለጤፉ የሚበትነው ዩሪያ ከዚሁ አሞኒያ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ያን ጊዜ የተከራከሩት ከ10,000 እጅ ስለ አንዷ ነበር፤ በዚያ መንገድ በተገኘው ማዳበሪያ ግን ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እንጀራውን ያገኛል።